አንድ ቤት አንድ ጡረተኛ ይበቃዋል

ትበርህ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት ዕለት ቤተሰቧ ያዘጋጀላት ስጦታ ጡረታ ነበር።

ኬኩ ከኦሎምፒያ ነው የመጣው። ልጇ ሉሊ የስድስት ወር ሆዷን ይዛ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማው ወጣች። ባሏ አባዲ ከሶፋው ሳይነሳ ቢላዋውን አቀበላት። የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሃይለአብ እያለከለኩ በር ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ጋሽ ሃይለአብ ለኬክ ብለው ደረጃ የሚወጡ ሰው አይደሉም። የሚያስታርቁት ወይም የሚያስማሙት ነገር ከሌለ ከቤታቸው አይወጡም። ትበርህ ሻማዋን እፍ ስትል ዓይኗ እሳቸው ላይ ነበር።

“እማ፣ እንዳትቆጪ እሺ?” ሉሊ ጀመረች። “ማለቴ፣ ሃያ አምስት ዓመትሽን ጨርሰሻል፤ ዕድሜሽም ደርሷል። አሁን ብትወጪ አበልሽ ይከበርልሻል። በቃ፣ እረፊ። ልጁ ሲወለድም ቤት ትሆኛለሽ፤ አባም ብቻውን አይውልም።”

“ደክሞኛል ብያለሁ?”

“እስክትይ መጠበቅ አለብን?”

ጋሽ ሃይለአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ትበርህ፣ ላንቺው ብለን ነው። ወንድ ሹፌር እንኳ በዚህ ዕድሜ ወገቡን ይይዘዋል። ሴት ልጅ በየማለዳው ከመሪ ጋር ስትታገል ዕድሜዋን ነው የምታሳጥረው።”

“የበድሉን ዕድሜ ማን አሳጠረው ታዲያ?”

በድሉ ትበርህ የምትነዳበት መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበር፤ ሁሉም ያውቁታል። ስልሳ ሲሞላው በጭብጨባ ሸኙት። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፤ ዓመት ሳይሞላውም ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ “ጡረታ ገደለው” ሲል ትበርህ በሆዷ “ወንበሩ ነው የገደለው” ብላ ነበር። አሁን ግን አፍ አውጥታ አላለችውም። ወንበሩን የያዘው ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል።

አባዲ ድሮ ቀያሽ ነበር። መንገድ ሊወጣበት የታሰበ ተራራ ላይ ሁሉ መሣሪያውን ተሸክሞ ይወጣ የነበረ፣ ጎረምሶቹ ረዳቶቹ ከኋላው “ጋሼ ቀስ በሉ” እያሉ የሚለማመጡት ሰው። ጡረታ የወጣ ሰሞን ዕቅዱ ብዙ ነበር፤ መጽሐፍ ያነባል፣ አክሱም ጽዮንን ይሳለማል፣ ዕድሜ ልኩን ሲለካው የኖረውን አገር አሁን ተዝናንቶ ያየዋል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። ከቴሌቪዥኑ በኋላ ስኳር መጣበት፣ ከስኳሩ በኋላ ዓይኑ ደከመ። አራተኛው ዓመት ላይ ደረጃውን የሚወርደው ለሐኪም ቤትና ለለቅሶ ብቻ ሆነ።

“አልወጣም” አለች ትበርህ። “ስልሳ ሲሞላኝ ሕጉ ያስወጣኛል። እስከዚያ ማንም አያስወጣኝም። ኬኩን ብሉ።”

ይህን መሪ እንዴት እንዳገኘችው ረስተውት ነው እንጂ ያውቁት ነበር። በልጅነቷ ከማይጨው ካዛንቺስ ወደምትኖረው አክስቷ መጥታ፣ አድጋ እዚያው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጠረች። ከደሞዟ እየቀነሰች መንዳት ተማረች፤ ቆይቶም የሕዝብ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ሹፌር ሲያጣ “እኔ አለሁ” አለች። የመጀመሪያው ጠዋት ኦሎምፒያ ላይ አንድ የክፍል ኃላፊ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቀና ሲል አያት፤ እግሩን መልሶ ታክሲ ያዘ። ከኋላው የነበሩትም ተከተሉት። ያን ቀን ካዛንቺስ የደረሰችው ባዶ አውቶቡስ ይዛ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። እሷም በየፌርማታው ትቆማለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ጠብቃ ትሄዳለች። ክረምት ሲገባ ዝናቡ አስታረቃቸው። መስከረም ላይ ኃላፊው ከፊት ወንበር ተቀምጦ “ትብዬ፣ እንዴት አደርሽ?” ይላት ጀመር።

ከልደቱ ወዲህ ወራት አለፉ። ሉሊ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሃበን ተባለች። ሉሊና ባሏ ደጋጋ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ሁለቱም ባንክ ነው የሚሠሩት። የወሊድ ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል ትበርህ መንጃ ፈቃዷን ለማደስ ካዛንቺስ ለምርመራ ሄደች። ዶክተር ቢሊሴ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም የደም ግፊቷን ለካች። ትንሽ አስቀምጣ ደግማ ለካች።

“እናቴ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። መድኃኒት እንጀምራለን። ትንሽ ዕረፍትም ያስፈልግዎታል” አለቻት።

ወሬው እሷን ቀድሞ ቤት ገባ ማለት ይቻላል። ሉሊ አለቀሰች። አባዲ እንኳ ቴሌቪዥኑን ዘጋ። ጋሽ ሃይለአብ ስልክ ደወሉ፤ “አላልኩሽም?” ለማለት ያህል ነው የደወሉት።

ትበርህ ፈራች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። እናቷ የሞተችው በዚሁ በሽታ ነበር፤ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ።

“ጡረታ አልወጣም” አለቻቸው በመጨረሻ። “ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ። እሱን እወስዳለሁ። አንድ ወር ቤት እውላለሁ፤ ከዚያ እንተያያለን።”

“በቃ፣ ሞክሪው!” አለች ሉሊ ደስ ብሏት። “ታይዋለሽ፣ ራስሽ ነሽ መመለስ የማትፈልጊው።”

ወሩ ሰኞ ጀመረ። ሉሊ ሃበንን ጠዋት አምጥታ ሰጥታት ወደ ሥራ ሮጠች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። አባዲ ቁርስ ይፈልጋል፤ የስኳር ሰው ስለሆነ ለሱ ለብቻው ነው የሚሠራው። ከቁርሱ በኋላ መድኃኒቱ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ነው ያለው። ሃበን ትተኛና ትበርህ ቁጭ ልትል ስትል ትነቃለች። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የመጣ ቀን ባልዲው ሁሉ መሞላት አለበት። ዘመድ “ዕረፍት ላይ ነሽ አሉ” እያለ ይመጣል፤ የመጣ ሁሉ ይበላል። ጎረቤት “መቼም አሁን ቤት ነሽ” ብሎ ቁልፍ፣ ዕቃ፣ አንዳንዴም ልጅ ጥሎባት ይሄዳል። ደጋጋ ማታ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ “እማዬ፣ ዛሬስ አረፉ?” ይላታል፤ መልካም ልጅ ነው፣ ከልቡ ነው የሚጠይቃት።

ወሩ ሲጋመስ ሃበንን አዝላ ጎተራ ገበያ ላይ ተናኘወርቅን አገኘቻት። ተናኘወርቅ የመሥሪያ ቤታቸው ጸሐፊ ነበረች፤ ልጆቿ ለምነዋት ያለ ዕድሜዋ ጡረታ የወጣች። አንዱን ልጅ በእጇ ይዛ ሌላውን አዝላለች፤ ወገቧ ጎብጧል።

“ተናኜ፣ እንዴት ነው ጡረታ?” አለቻት ትበርህ።

“የምን ጡረታ?” ተናኘወርቅ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። “እኔ ሥራ መች ለቀቅኩ? ደሞዝ ነው የለቀቅኩት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ምን ልበል? የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ስትወጃቸው ደክሞኛል ማለት ያሳፍራል። ባለቤቴን አየሽው? እሱም ጡረተኛ ነው። እሱ ካርታ ይጫወታል፣ እኔ ዳይፐር እቀይራለሁ። ‘ሁለታችንም አረፍን’ ይላል ለሰው።” የያዘችው ልጅ እጇን ጎተታት። “አንቺ ግን እንዳትገቢበት። እኔን እያየሽኝ።”

ትበርህ እያዞራት ደረጃውን ወጣች።

ወሩ ሲያልቅ ካዛንቺስ ወደ ዶክተር ቢሊሴ ተመለሰች። ሐኪሟ ለካች። ግንባሯን ቋጠረች።

“መድኃኒቱን አልወሰዱም?”

“አንድም ቀን አላጓደልኩም።”

“ከመጀመሪያውም ብሷል እኮ። ዕረፍት ወጥተው ነበር አይደል?”

“ዕረፍት ነው የሚሉት።” ትበርህ ነገረቻት። ከሃበን እስከ ባልዲው፣ ከባልዲው እስከ እንግዳው። ዶክተር ቢሊሴ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቆይታ ፈገግታዋ ጠፋ። እናቷን ያስታወሰች መሰለች።

“አየሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለች ትበርህ። “አንዱ ‘ሥራ ዕድሜ ያሳጥራል’ ይለኛል፤ ሌላው ‘ጡረታ ይገድላል’ ይላል። የቱ ነው እውነቱ?”

“ሁለቱም አንዳንዴ ነው። እንደ ሰውየው ነው። ሥራው የሚያደቅቅ ከሆነ፣ ቀደም ብሎ መውጣት ያድናል። ወዶት የሚሠራውን ሰው ያለ ፈቃዱ ካስወጡት ደግሞ ሊታመም ይችላል። ዋናው ጥያቄ ከሥራ ወጥቶ ወዴት ነው የሚገባው ነው። ወንዶቹን ብዙ ጊዜ መቀመጥ ነው የሚጎዳቸው። ሴቶቹ ደግሞ...” አሰብ አደረገች። “ሴቶቹ ብዙ ዓመት እንኖራለን፤ ግን ብዙውን እያመመን ነው። እርስዎን ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም። ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒቱን ጨምሬልዎታለሁ፣ በየወሩ ይምጡ። ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ግን አንድ ሰው ይካፈልዎት።”

ትበርህ ከዚያ በኋላ ታክሲ አልያዘችም። አዲስ በሰፋው መንገድ ዳር፣ ድሮ የአክስቷ ቤት በነበረበት በኩል አልፋ ቁልቁል በእግሯ ሄደች። እየሄደች ተናደደች። በማንም አይደለም መጀመሪያ የተናደደችው፤ በራሷ ነው። ሥራ ብርቅ በነበረበት ዘመን የክፍል ኃላፊን አልፈራችም። አሁን የገዛ ቤቷን ሰው “አይሆንም” ለማለት እናቷ የሞተችበትን በሽታ መጠበቅ አለባት?

ቤት ስትደርስ ሉሊ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ሃበንን ታቅፋ ነበር፤ አባዲ ቴሌቪዥን ያያል። ትበርህ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሕፃኗን ከሉሊ እጅ ተቀበለች፤ ሄዳ አባዲ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

አባዲ ክንዶቹን ወደ ላይ አነሳ፣ ትኩስ ነገር የፈሰሰበት ይመስል። “ይህ ምንድነው?”

“የልጅ ልጅህ ናት።”

“እሱንማ አውቃለሁ። ምን ላድርጋት?”

“እኔ ሳደርግ ያየኸውን።”

“ትበርህ፣ ቀልድሽን ተዪ። እኔ ወንድ ነኝ።”

“ጡረተኛ ነህ” አለችው። “ለዚህ ቤት የሚፈለገው ጡረተኛ አይደል? ሉሊ ልጅ የሚይዝላት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ነው የፈለገችው። ያ ሰው እኮ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ሶፋ ላይ አለ! አንድ ቤት አንድ ጡረተኛ ይበቃዋል። እኔ ሰኞ ሥራ እገባለሁ።”

“አባ እኮ ታማሚ ነው!” ሉሊ ጮኸች።

“እኔስ?” ትበርህ የሐኪሟን ወረቀት ሳይሆን ክንዷን ዘረጋችላት፤ ግፊት የለኩበት ቦታ ቀልቶ ነበር። “እኔ ስታመም ‘ቤት ግቢና ሥሪ’ ነው የምትሉኝ፤ እሱ ሲታመም ‘ተቀመጥ’ ትሉታላችሁ። ይኸው ተቀምጦ ዳነ?”

ያን ሳምንት ቤቱ ኩርፊያ ሆነ። ሉሊ ስልኳን አላነሳም አለች። ጋሽ ሃይለአብ ደውለው “ምን የሚሉት ነውር ነው? ወንድሜን ሞግዚት ልታደርጊው?” ብለው ጮኹባት። “ጋሼ፣ ከፈለጉ እርስዎ ይምጡና ይርዱት፤ እርስዎም እኮ ጡረተኛ ነዎት” ብላ መለሰችላቸው፤ ስልኩን ዘጉባት። ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነስታ ወጣች። የሰርቪሷ ወንበር ላይ ስትወጣ፣ ስፖኪዮውን ስታስተካክል፣ ፍሬኑን ስትሞክር ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር የወረደ መሰላት። ኦሎምፒያ ላይ የሚሳፈሩት “ትብዬ መጣች!” ብለው አጨበጨቡ። የት ከርመሽ ነው ሲሏት “ዕረፍት ላይ፤ ሊገድለኝ ነበር” አለቻቸው፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ሉሊ ሌላ ሰው ስላጣች ሃበንን ለአባዲ ትታ ሥራ ገብታለች። የትበርህ ስልክ ጠዋቱን ሙሉ ጮኸ። መሪ ይዛ ስልክ አታነሳም። ካዛንቺስ አውቶቡሱን አቁማ ስታነሳው አባዲ ነው።

“አልቅሳ አልቅሳ ዝም አለች” አለ፤ ድምፁ ተቆራርጧል። “ዝም ስትል ደግሞ ፈራሁ። ቀሰቀስኳት።”

“የተኛ ልጅ ቀሰቀስክ?”

“አዎ። አሁን እንደገና እያለቀሰች ነው።”

ትበርህ ሳቋን ዋጠችው። “እንግዲህ አባብላት” ብላ ዘጋች።

ማታ ስትመለስ አባዲ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ፀጉሩ ቆሞ ሳሎን መሐል ቆሟል። መቆሙን አየችው። ለብዙ ጊዜ ማታ ስትገባ ቆሞ አላገኘችውም ነበር። ኩርፊያው ገና አልበረደለትም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ራሱ ጀመረ። “ታውቂያለሽ፣ ይቺ ልጅ ዝም የምትለው ደረጃ ስወርድ ብቻ ነው። ኮሪደር ላይ ብመላለስ ዋጋ የለውም። ደረጃ ነው የምትፈልገው።” ስለዚህ ይወርዳል። ወርዶ ደግሞ መውጣት አለበት። ስትነቃ እንደገና። ክንዱ ሲዝልበት አንድ ቀን የሉሊን ማዘያ አነሳ። ማሰሩን ከታች ሱቅ ያለው ጃዋር እየሳቀ አገዘው። ቀያሹ አባዲ ልጅ አዝሎ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ ዞረ። ሴቶቹ መስኮት ላይ ወጥተው አዩት፤ ወጣቶቹ “ፋዘር፣ አራዳ!” እያሉ ፎቶ አነሱት።

ፎቶው ጋሽ ሃይለአብ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ሲደውሉ ትበርህ አባዲ አጠገብ ነበረች፤ ጩኸታቸው ከስልኩ ውጪ ይሰማል። አባዲ እስኪጨርሱ አዳመጠ። ከዚያ “አዎ፣ አዘልኩ። ነገም አዝላለሁ” አለ።

ያኔ ነው ትበርህ ባሏን ከስንት ጊዜ በኋላ በደንብ ያየችው።

ነገሩ ሁሉ ግን እንዲህ ለስላሳ አልሆነም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የደወለው ጃዋር ነበር። አባዲ ምሳውን ሳይበላ ልጅቷን አዝሎ ሲወርድ ስኳሩ ዝቅ ብሎበት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጦ ነበር ያገኘው። ጁስ አጠጥቶት ተሻለው፤ ሃበንም ምንም አልሆነችም። ትበርህ አውቶቡሱን ለሌላ ሹፌር ትታ እየሮጠች ስትደርስ ሉሊ ቀድማ ደርሳ ነበር።

“ብትወድቅስ ኖሮ?” ሉሊ ፊቷ አመድ መስሏል። “ሁለቱም ቢወድቁስ? አንቺ እልህሽን ልትወጪ ብለሽ!”

እውነት ነበረ፤ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ትበርህ ከዚያ በፊት እንዲህ ተሸንፋ አታውቅም። “እሺ” አለች። “እሺ፣ ቤት እገባለሁ።”

“ማን ጠየቀሽ?” አለ አባዲ ከሶፋው። ፊቱ ገና ገርጥቷል፤ ሃበንን ግን ከጭኑ አላወረዳትም። “ምሳ ሳልበላ የወረድኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ በልቼ እወርዳለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ እይዛለሁ። ሉሊ፣ ልጅሽን ከፈለግሽ ውሰጃት፤ ሞግዚት ቅጠሪ። አይችልም ብለሽ ግን እንዳትወስጃት። እችላለሁ።”

ሉሊ አባቷን አየችው። ከዚያ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት ሃበንን ይዛ መጣች፤ ከረሜላም ጨምራ። ከሰዓት በኋላ የምታግዘው ተመላላሽ ሠራተኛም ቀጠሩ፤ የመረጣት አባዲ ራሱ ነው።

የአባዲ ስኳር ተስተካከለ፤ ክብደቱም ቀነሰ። የተጎዳው ዓይኑ ግን አልተመለሰም፤ ሐኪሙ “ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ” ብሎት ነበር። አክሱምንም አልተሳለመም፤ አሁን ጊዜ የለኝም ነው የሚለው። የትበርህ ግፊት በመድኃኒቱ ወረደ፤ መድኃኒቱን ግን ዛሬም ትውጣለች፤ ጉልበቷም ክረምት ክረምት ያማታል። ሥራ መድኃኒት ነው ብላ ለማንም አትሰብክም። ተናኘወርቅ ባሏን ካርታውን አስጥላ ልጅ እንዲይዝ ስታደርገው ግን “ማን መከረሽ?” ሲሏት የትበርህን ስም ትጠራለች፤ ትበርህም አልካደችም።

ስልሳ ሲሞላት ሕጉ እንዳለው አስወጣት። ቁልፉን ስታስረክብ አላለቀሰችም። አንዱ ተሳፋሪ “እንግዲህ ትብዬ፣ ቤት ገብተሽ እረፊ” ሲላት “ጡረታ እወጣለሁ እንጂ ቤት አልገባም” አለችው።

ጎተራ አካባቢ መኪና ማሠልጠኛ ያለው ጉተማ ሥራ ስትጠይቀው ከላይ እስከ ታች አያት። “እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ? ሠልጣኝ እኮ ያሳብዳል፤ ነርቭ ይጨርሳል።”

“አንተ ስንት ዓመትህ ነው?”

“ሠላሳ ስምንት።”

“አንተን ጨርሶሃል?”

ጉተማ ሳቀ። ለግማሽ ቀን ብቻ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተስማሙ። ግማሽ ቀን ያለችው እሷ ናት፤ ከሰዓት በኋላ የምትተኛው እንቅልፍ አላትና።

የመጀመሪያ ሠልጣኟ ነርስ ነበረች። ጎተራ ማሳለጫ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክሱን ለቀቀው፤ ከሱ ኋላ ያለውም፤ አንዱ አንገቱን አውጥቶ “ሴትና መኪና!” እያለ ተሳደበ። ልጅቷ እግሯን ከፍሪሲዮኑ አነሳች። እጇን በሩ ላይ አደረገች፤ ልትወርድ ነው።

“ወዴት ነው?” አለች ትበርህ።

“እየጮሁብን እኮ ነው!”

“ይጩሁ። መንገዱ የነሱ አይደለም። አንቺ ማርሽሽን አስገቢ።”